የጎርማ እንቅልፍና የትርንጎ ድምፅ

የሐመልማር ሐይቅ በጠራራ ፀሐይ ተነፈሰ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን በመጎተት ላይ ሳሉ ውኃው ከመሀሉ ቀስ ብሎ አበጠ፤ ታንኳዎቹን ከነሰዎቻቸው ወደ ላይ አነሣ፤ ጥቂት ቆይቶም መልሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ ከጥልቁ የወጣ ትኩስ እንፋሎት ዳርቻውን ሸፈነው። በመስከባ ከተማ ቅጥር ላይ ቆሞ ይህን ያየ ሁሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ጎረቤቱን አልጠየቀም። ጎርማ ሊነቃ ነበር።

ጎርማ ከሐመልማር ነገሥታት ሁሉ በፊት የነበረ የሐይቁ አውሬ ነው። ጀርባው ደሴት ያህላል፤ ዛፍም በቅሎበታል። በቀድሞ ዘመን አንድ ጊዜ ተነሥቶ ጭራውን ቢያወራጭ ማዕበሉ የድሮዪቱን መስከባ ከነሕዝቧ ጠርጎ ወሰዳት፤ ዛሬም ሐይቁ በሚጎድልበት ወራት የግንቦቿ ጫፍ ብቅ ይላል። ሰይፍ አይገድለውም፣ አስማትም አልያዘውም። የሚያስተኛው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎህ ሲቀድ በሐይቁ ዳር የሚነፋ እምቢልታ።

እምቢልታ እንደ ዋሽንት አይደለም። ጣት የሚጫወትበት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ከፍ ያለውን ድምፅ የያዘው አውራ ይባላል፤ ተከትሎት የሚገባው መላሽ፤ ዝቅ ብሎ፣ ዘግይቶ፣ በዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማው ደግሞ ድፍ። ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ቦታ ቦታቸውን ጠብቀው ሲገቡ ነው። ብቻውን የሚነፋ ሰው ጥማዱ ከጠፋበት በሬ የተሻለ ዜማ አያወጣም። ይህን ጥበብ የሚጠብቀው የእምቢልታ ቤት የሚባለው ጉባኤ ሲሆን፣ አለቃው በየንጋቱ «ሐመልማር ትንቃ፣ ጎርማ ይተኛ» ብሎ በአንደበቱ ጠርቶ ያስጀምራል። ይህን ጥሪ መጥራት የማይችል ሰው በአለቃው ወንበር እንዳይቀመጥ ሕግ ነው።

በዚህ ቤት ትርንጎ የምትባል የድፍ ነፊ ነበረች። ገና ወጣት ብትሆንም ሽማግሌው አለቃ ምስጋን ከሁሉ አብልጠው ይወዷት ነበር፤ በሕመም አልጋቸው ላይ ሳሉም ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ወንበሩ ያንቺ ነው አሏት። ከአለቃ ወደ አለቃ ብቻ የሚተላለፈውን ትንቢትም ነገሯት። ትንቢቱ «አንድ እምቢልታ በሁለት ድምፅ የጮኸ ቀን፣ ጎርማ ዓይኑን ይገልጣል» የሚል ነበር። ትርንጎ ወንበሩን ከዚያ ቀን ጀምራ በዓይኗ ስትለካው ኖረች።

አለቃ ምስጋን ዐረፉ። ንግሥት አዜባ ግን ወንበሩን ለእኅታቸው ልጅ ሰጡት። ልጅ አምደን ይባላል፤ ጉግስ የሚያውቅ፣ ቁመናው ያማረ፣ እምቢልታ ግን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቶ የማያውቅ ጎረምሳ ነው። በተሾመበት ቀን ከወንበሩ ወርዶ፣ ነፊዎቹ እምቢልታቸውን ወደሚወለውሉበት ጓዳ ገብቶ፣ ይህ ነገር እንዴት እንደሚነፋ እንድታስተምረው ትርንጎን ለመናት። እሷም ቀና ብላ ሳታየው «ጌታዬ፣ ከጊዜ ብዛት ይገባዎታል» አለችና ውልወላዋን ቀጠለች። የእሷን ወንበር ይዞ የእሷን እውቀት ደግሞ ሊጨምር መጣ፤ ነገ ደግሞ ነፍሴን ይጠይቀኝ ይሆናል ስትል አሰበች።

ሥራውን የሚነግረው ያጣ አለቃ ሥራውን ትቶ ሠራተኛውን መመርመር ይጀምራል። ልጅ አምደንም ከሁሉ የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ፣ እያንዳንዱ ነፊ አንድ በአንድ ወደ እልፍኙ እየገባ በፊቱ ብቻውን እንዲነፋ አዘዘ፤ ለበለጠውም ቀይ የሐር መታጠቂያ እሸልማለሁ አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ያለው መሣሪያ ይዞ የገባው ሁሉ አንድ ድምፅ ነፍቶ፣ አፍሮ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። አንዱ ሲገባ ሌላው ከበሩ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። ከአንድ ገበታ ይቆርሱ የነበሩ ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ። አውራዎቹ መላሾቹን አለቃውን ያማሉ እያሉ አሳጡ፤ መላሾቹ ደግሞ ድፎቹን በዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚነፉ ሰነፎች ናቸው አሏቸው። ልጅ አምደን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የነገሩትን ያምናል፣ ያመሰገነውን ይወዳል። በእልፍኙ ሁልጊዜ እውነተኛው ሰው መጨረሻ የገባው ነበር። ትርንጎም ከአለቃ ፊት ከፈረስ ኋላ አትቁም የሚለውን ተረት ምክንያት አድርጋ ከዳር ቆመች። ውድቀቱን ግን በጉጉት ትጠብቅ ነበር።

የመላሽ ነፊዋ ስርጉት ከትርንጎ ጋር በአንድ መደብ ተኝታ ያደገች ጓደኛዋ ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ የጋለ ብረት በጉጠት ይዛ መጣችና፣ እምቢልታዋን አንዲት ቦታ ላይ ብትበሳው ሁለት ድምፅ ያወጣ እንደ ሆነ፣ ብቻዋን ስትነፋም ዜማ ይመስልላት እንደ ሆነ ጠየቀቻት። ትርንጎን ትንቢቱ እንደ እሾህ ወጋት። አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን በክፍቱ በር በኩል ልጅ አምደን በወንበሩ ላይ እግሩን አጣምሮ ሲስቅ ታያት።

«ብሺው፣ ያምርብሻል» አለቻት።

ስርጉት ቀዩን መታጠቂያ አገኘች። ትርንጎ ይህን አልጠበቀችም ነበር፤ አለቃው ይወድቃል ብላ እንጂ ጓደኛዬ ከፍ ትላለች ብላ አላሰበችም። ሐሩ በስርጉት ወገብ ላይ ሲያበራ ባየች ቁጥር ምራቋ መረራት። ሌሎቹም ምሥጢሩን ደረሱበትና ብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ጥቂት ሳይቆይ በቤቱ ያልተበሳ እምቢልታ የትርንጎ ብቻ ሆነ። የእሷ ያልተበሳው ከጽድቅ የተነሣ አልነበረም። ሁሉም የደፈረሰ ዕለት የእሷ ብቻ ጠርቶ እንዲታይ ፈልጋ ነው።

ያ ዕለትም መጣ። ሐይቁ በተነፈሰ ማግሥት የእምቢልታ ቤት ሰዎች በንግሥቲቱ አደባባይ ቆመው መሣሪያቸው ተመረመረ። ቀዳዳዎቹን በሰም ቢደፍኗቸው ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ታፍኖ ወጣ። ንግሥት አዜባ የትርንጎን እምቢልታ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩና፣ በዚህ ቤት አንዲት ታማኝ ተገኘች አሉ። ሕዝቡም እልል አለ። ትርንጎ እጅ ነሥታ እምቢልታዋን ተቀበለች፤ ምስጋናውም ጣፈጣት።

ልጅ አምደን ያን ጊዜ ወደ መሀል ወጣ። ካባውን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈና በላዩ ተንበረከከ።

«ንግሥት ሆይ፣ የማላውቀውን ቤት ልግዛ ብዬ በእጄ አፈረስሁት። ለጎርማ የሚሆን ቀርከሃ የሚበቅለው በዘሐ ገደል ብቻ መሆኑን ሰምቻለሁ። ከሦስቱ ድምፆች የጎደሉን አውራና መላሽ ናቸው፤ ድፉ በትርንጎ እጅ አለ። ሁለቱን ሳልይዝ በዚህ በር ብገባ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» አለ።

ትርንጎ በዚያ ሰዓት እንኳ ቀናች። መሐላው ስላማረለት ቀናች።

ሦስቱ ተነሡ፤ አለቃው፣ ቀይ መታጠቂያ ያሰረችው ስርጉትና ታማኝ የተባለችው ትርንጎ። የዘሐ መንገድ ጥላ ለቃሚ የሚባሉ አሞሮች የሚዞሩበት ራቁት ተራራ ነው። እነዚህ አሞሮች ሥጋ አይበሉም፤ የመንገደኛውን ጥላ በጥፍራቸው ከመሬት ይልጡታል፤ ጥላውን ያጣ ሰውም ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋበታል። በቀትር ከላይ ወረዱባቸው። ልጅ አምደን ሰይፉን መዝዞ ከፊት ቆመ፤ አንዱ አሞራ ወደ ትርንጎ ጥላ ሲወረወር ዘሎ በላዩ ወደቀበትና ጥላዋን በገዛ ገላው ሸፈነው። ጥፍሩ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች ተለተለው። ትርንጎ ቁስሉን በነጠላዋ ቅዳጅ ስታስርለት፣ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር እያለች ታስብ ነበር።

ዘሐ ገደል ጥልቅና አረንጓዴ ነው፤ ቀርከሃው ነፋስ በሌለበት ያንጎራጉራል። ጠባቂዋ ከሰው ቁመት የምትበልጥ ሽማግሌ ጉሬዛ ናት፤ ነጭ ካባዋ ከትከሻዋ እስከ መሬት ይወርዳል። ሦስቱ እናታችን ብለው እጅ ነሧት። እሷም ለመነፋት የደረሱ ሁለት ቀርከሃዎች ብቻ እንዳሏት፣ ከእነሱ ሌላ ገና ለጋ የሆነ አንድ ብቻ እንደ ቀረ ነገረቻቸው።

«በዚህ ገደል ሰው ለራሱ አይቆርጥም» አለች። «አንዱ ለሌላው አፍ ይቆርጣል፤ ሲቆርጥም ስለዚያ ሰው በልቡ ያለውን እውነት ይናገራል። ውሸት የሰማ ቀርከሃ ይሰነጠቃል።»

ልጅ አምደን ለስርጉት ሊቆርጥ ቀረበ። ማጭዱን ከግንዱ ላይ አኖረ።

«ስርጉት፣ መታጠቂያውን የሰጠሁሽ ከሁሉ በልጠሽ አይደለም። መልካም አነፋፍ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። አንቺ ስትነፊ ፊቴን ታዪ ነበር፤ ምን እንደምወድም ቶሎ ይገባሻል። እሱ ጥበብ መሰለኝ።»

ቀርከሃው ሳይሰነጠቅ ተቆረጠ። ስርጉት አለቀሰች፤ መታጠቂያውንም ፈትታ ከግንዱ ሥር ጣለችው።

ተራው የትርንጎ ሆነ፤ የምትቆርጠውም አውራውን ሊነፋ ለቀረው ለልጅ አምደን ነው። ማጭዱን ያዘችና በአደባባይ እንደሚነገረው አድርጋ፣ ልጅ አምደን የነገሥታት ዘር፣ ልበ ሙሉና አስተዋይ አለቃ ነው አለች። ሁለተኛው የደረሰ ቀርከሃ ከሥሩ እስከ ጫፉ ተሰነጠቀ። ጉሬዛዪቱ ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሙገሳ አልጠየቅሁሽም፤ ሙገሳማ በቤታችሁ ሞልቷል» አለቻት።

የቀረው ለጋው ብቻ ነበር። ትርንጎ ተንበረከከች። ከተማዋ ታየቻት፤ በሐይቁ ዳር ያሉት ቤቶች፣ የእናቷ በር፣ ውኃው ሲያብጥ ታንኳ ውስጥ የነበሩት ሰዎች። የዚህ ሁሉ መዳን አንድ ቃል ላይ ቆሞ ነበር፤ ያን ቃል ደግሞ ከማንም ይልቅ ከራሷ ደብቃው ኖራለች።

«ጠይቆኝ ነበር» አለች። «በመጀመሪያው ቀን ከወንበሩ ወርዶ፣ አላውቅምና አስተምሪኝ ብሎኛል። አላውቅም ለማለት ያላፈረ አለቃ ከእሱ በፊት አላየሁም፤ አለቃ ምስጋን እንኳ ብለውት አያውቁም። ስለ እሱ የማውቀው እውነት ይኼ ነው። ወንበሩ ላይ ስላየሁት ነፈግሁት። ትንቢቱንም አውቅ ነበር። ስርጉትን ያምርብሻል ያልኳት ቤቱ በእሱ ላይ እንዲፈርስበት ብዬ ነው።»

ለጋው ቀርከሃ እንደ ቅቤ ተቆረጠ። ልጅ አምደን ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ስርጉት ከትርንጎ ጎን ተነሥታ ሄደችና ከድንጋይ ማዶ ለብቻዋ ተቀመጠች። ጉሬዛዪቱ ግን ነገሩ ገና እንዳላለቀ ነገረቻቸው። ለጋ ቀርከሃ የራሱ ድምፅ የለውም፤ መጀመሪያ እስትንፋሱን ካስገባበት ሰው ጉሮሮ ድምፁን ይወስዳል፣ አይመልስምም። ልጅ አምደን ፈጥኖ የእኔን ይውሰድ አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ለአንተ አፍ የተቆረጠ ከአንተ ጉሮሮ አይሞላም፤ የበሰለውን የሰነጠቀችው ትሙላው ስትል ፈረደች።

ትርንጎ ወንበሩን አሰበች። ድምፅ የሌለው ሰው «ሐመልማር ትንቃ» ብሎ አይጠራም፤ የማይጠራ ሰው ደግሞ መቼም አለቃ አይሆንም። ልጅ አምደን ነገ ቢሻር፣ ቢሞት፣ በገዛ እጁ ቢለቅላት እንኳ ወንበሩ የእሷ አይሆንም። ለዚህ ወንበር ስትል ጓደኛዋን ሸጣለች፣ አገሯን ለአውሬ ልትሰጥ ጥቂት ቀርቷታል። አሁን ሸጣ ያገኘችው ምን እንደ ሆነ ስታስበው ሣቅም ለቅሶም መጣባት።

«እስክነፋበት ድረስ ድምፄ የእኔ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እስክትነፊበት ድረስ የአንቺ ነው።»

ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን የተጠየቀችውን በመመለሻው መንገድ መለሰች። አሞሮቹን በጭጋግ ተከልለው አለፉ፤ በእግራቸው እየሄዱ፣ ሲያርፉም አፈር ላይ በጣቷ እየሣለች ለልጅ አምደን አስተማረችው። ከንፈር እንዴት እንደሚያዝ፣ ትንፋሽ ከየት እንደሚነሣ፣ አውራ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ነገረችው። እሷ በብዙ ልፋት የያዘችውን እሱ ቶሎ ያዘው። በዚህም ቀናች፤ ቀንታም ማስተማሯን አላቆመችም። ስርጉት ከፊት ከፊት እየሄደች ትሰማ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትርንጎ ስለ መላሹ ስትናገር ተሳስታ፣ ስርጉት ሳትዞር አረመቻት።

ጎህ ሲቀድ ከሐይቁ ሲደርሱ ጎርማ ተነሥቶ ነበር። ዛፍ የበቀለበት ጀርባው ከውኃው ወጥቷል፤ አንዱ ዓይኑ ተገልጦ እንደ ቢጫ በር በከተማዪቱ ላይ አፍጥጧል። ማዕበሉ የታችኛውን ሰፈር ቅጥር ይመታል፤ ሰው ልጁን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ይሮጣል። ትርንጎ ለጋውን እምቢልታ አነሣች። ከንፈሯ ላይ ከማድረጓ በፊት ወደ ልጅ አምደን ዞረች።

«ድፍ ይዘገያል» አለችው። «ሲዘገይ የጠፋ ይመስልዎታል። ልብዎ ባዶውን ቦታ ሙላው፣ ሙላው ይልዎታል። አይሙሉት። ይጠብቁኝ።»

ከዚያ ነፋችበት። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ እንደ ማለዳ ብርድ ሹል ሆኖ ወጣ። እምቢልታውን ለልጅ አምደን ስትሰጠው አንድ ነገር ልትለው ፈልጋ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልተሰማም።

ልጅ አምደን «ሐመልማር ትንቃ፣ ጎርማ ይተኛ» ሲል ጠራ። አውራው ገባ፤ የስርጉት መላሽ ተቀበለው። ጎርማ ጭራውን አነሣ፤ ጥላው በከተማዪቱ ላይ ወደቀ። አውራ፣ መላሽ፣ ከዚያ ባዶው ቦታ መጣ። የልጅ አምደን ደረት ሲነሣ ታየ። ነገር ግን ጠበቀ። ድፉ ከሥር፣ ከዝቅታው መጣና ቦታውን ያዘ። ዙሩ እየተመለሰ ሲሄድ ጭራው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ቢጫው ዓይን ተከደነ፤ ሐይቁም አውሬውን ከነዛፎቹ መልሶ ዋጠው።

የዚያ ቀን በዓል እስከ ዛሬ ይወራል። ንግሥት አዜባ ልጅ አምደንን የወርቅ ካባ አለበሱት፤ አዝማሪዎች ጎርማን ያስተኛ ጀግና ብለው በስሙ ገጠሙ። እሱ ካባውን አውልቆ ለትርንጎ ሊደርብላት፣ ወንበሩንም ሊለቅላት በአደባባይ ቆሞ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ሕጉን አስታወሱት፤ ጥሪውን የማትጠራ አለቃ አትሆንም። አዝማሪዎቹም ግጥማቸውን ለመቀየር አልተቸገሩም፤ ልግስናውን ጨምረው ገጠሙለት።

ልጅ አምደን ግን የብቻ መንፋትን ከቤቱ አጠፋ። በሚቀጥለው ክረምት ሁሉም ከዘሐ አዲስ ቀርከሃ አመጡ፤ አንዱ ለሌላው እየቆረጠ፣ አንዱ የሌላውን እውነት እየሰማ። ብዙዎች ከዚያ ገደል ተኳርፈው ተመለሱ፤ ሆኖም መነጋገር ጀምረው ነበር። ስርጉት ትርንጎን ቶሎ ይቅር አላለቻትም። አንድ ቀን ውልወላ ላይ ሳሉ ከጎኗ መጥታ ተቀመጠች፤ ጨርቁን ተቀበለቻትና የትርንጎን እምቢልታ ወለወለችላት።

አሁንም በየንጋቱ በሐይቁ ዳር ይቆማሉ። ልጅ አምደን ጠርቶ አውራውን ሲነፋ፣ በውኃው ላይ የሚሄደው የትርንጎ ድምፅ ነው። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሰዎች የልጅ አምደን እምቢልታ ምን ያምራል ይላሉ። ትርንጎ ትሰማቸዋለች። ዛሬም ትቀናለች፤ ይህን ለማንም ልትነግር አትችልም፣ ብትችልም አትክደውም።

ከዚያ አውራው ያበቃል፣ መላሹም ያበቃል፣ ባዶው ቦታ ይመጣል። ልጅ አምደን ወደ እሷ ዞሮ ይጠብቃል። ስርጉት ትጠብቃለች። ከውኃው በታች ጎርማ በእንቅልፉ ይገላበጣል። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ትርንጎ እንደ ቀድሞው ዝም ልትል ትችላለች፤ አንድ ንጋት ብቻ ዝም ብትል አለቃውም፣ ካባውም፣ አዝማሪዎቹም ሁሉ ከነስማቸው ይሰጥማሉ። ይህን በየቀኑ ታስበዋለች።

በየቀኑም ትነፋለች።